ክፍያውን ይቀበላሉ፣ ስልክ ግን አያነሱም

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አዲስ አበባ ሲኤምሲ አካባቢ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ አለኝ። ካርታው በስሜ ወጥቷል። ሕንፃውን የሚያስተዳድረው ሪል እስቴቱ ራሱ ያቆመው ድርጅት ነው። ወርሃዊ የአገልግሎት ክፍያ እከፍለዋለሁ። በሰጠሁት ውክልና ቤቱን ያከራየልኝና ኪራዩን ሰብስቦ የሚያስገባልኝም እሱው ነው። ከክረምቱ ጀምሮ የመታጠቢያ ቤቱ ጣሪያ ውሃ ያንጠባጥባል። ተከራዩ ልወጣ ነው እያለ ነው። ከሁለቱ ሊፍቶች አንዱ ቆሟል። የቅርብ ወራት ኪራይም አልገባልኝም። ስደውል አያነሱም። ቴሌግራም ላይ መልእክቴን ያዩታል፣ አይመልሱም። እህቴ ቢሮ ስትሄድ ‹ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው› ትባላለች። ክፍያውን ላቁም? ልክሰስ? ወይስ ቤቱን ሸጬ ልገላገል?»

ምላሽ፦ ጠያቂያችን፣ ቤቱን በዚህ ምክንያት አይሽጡ። ጣሪያው እያንጠባጠበ፣ ሊፍቱ ቆሞ፣ ተከራዩ ሻንጣ እያሰረ የሚሸጥ ቤት ገዢው በፈለገው ዋጋ ነው የሚሄደው። ያለብዎት ችግር ደግሞ የሚፈታ ነው።

የጻፉትን ሳነብ አንድ ነገር ጎልቶ ታየኝ። ስለ አንድ ድርጅት ነው የሚነግሩኝ። ከድርጅቱ ጋር ያለዎት ጉዳይ ግን ሁለት ነው። በአንደኛው ድርጅቱ የእርስዎ ወኪል ነው፤ ቤትዎን ያከራያል፣ ኪራይዎን ይሰበስባል። እዚህ ላይ አዛዡ እርስዎ ብቻ ነዎት። በሁለተኛው ድርጅቱ የሕንፃው አስተዳዳሪ ነው፤ ሊፍቱን፣ ጄኔሬተሩን፣ ጥበቃውን፣ የጋራ ቧንቧውን ይይዛል። እዚህ ላይ እርስዎ ከብዙ ባለቤቶች አንዷ ነዎት፤ ብቻዎን ሊያዙት አይችሉም። ሁለቱን በአንድ የቴሌግራም መልእክት ቀላቅለው ሲጠይቁ ለሁለቱም መልስ ያጣሉ። ስለዚህ ይለያዩዋቸው። ብቻዎን ጉልበት ያለዎት በኪራዩ ላይ ስለሆነ ከዚያ ይጀምሩ።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ውክልና ከአንቀጽ 2179 ጀምሮ በሰፊው ይደነግጋል። ወኪል የወካዩን ጥቅም በቅን ልቦና መጠበቅ አለበት። በወካዩ ስም የተቀበለውን ገንዘብ በሙሉ የማስረከብና ሂሳቡን የማሳየት ግዴታም አለበት። ለእርስዎ ትልቁ መሣሪያ አንቀጽ 2226 ነው። ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል። ምክንያት ማቅረብ አይጠበቅበትም። ውሉ ላይ «ውክልናው አይሻርም» የሚል ቃል ቢኖር እንኳ አይጸናም። ብዙ ውጭ አገር ያሉ ባለቤቶች ይህን ሳያውቁ ወኪላቸውን ለዓመታት ሲለምኑ አይቻለሁ። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም መብቱ ሁልጊዜም በእጃቸው ነበር።

ሽረቱን በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል አረጋግጠው ይላኩ። አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፤ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይመዘገባል። እዚያው ሳሉ ለእህትዎ አዲስ ውክልና ይስጡ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያሠራው፤ ቤት መጠገን፣ ኪራይ መሰብሰብ፣ ከ3 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት እና የመሳሰለውን። በአንቀጽ 2205 መሠረት ክስ መመሥረት፣ በክስ መከራከር፣ በስምምነት መጨረስ ልዩ ሥልጣን ይፈልጋሉ። ስለዚህ የእህትዎ ውክልና ላይ «ክስ ለመመሥረትና ለመከራከር፣ ለመስማማት፣ ሂሳብ ለመጠየቅና ለመረከብ፣ በባለቤቶች ስብሰባ ተገኝታ ድምፅ ለመስጠት» የሚሉት ቃላት አንድ በአንድ ይጻፉ። የመጨረሻዋን ሐረግ ሰው ሁሉ ይረሳታል። በኋላ ስብሰባ ሲጠራ እህትዎ በር ላይ «ውክልናሽ ለዚህ አይሆንም» እንዳትባል ነው።

ሽረቱ እስኪደርስ እጅዎን አጣጥፈው አይቀመጡ። ተከራዩን ዛሬውኑ በቀጥታ ያነጋግሩት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ኪራይ በባንክ ወይም በሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። ተከራዩ እስካሁን የከፈለበትን ደረሰኝ ሁሉ ፎቶ አንስቶ ይላክልዎት። ያኔ ኪራዩ ያልገባው ተከራዩ ስላልከፈለ ነው ወይስ ወኪሉ ይዞት ነው የሚለው በአንድ ቀን ይለያል። ወኪሉ ይዞት ከሆነ ነገሩ ስልክ ካለማንሳት ያለፈ ነው። ገንዘብዎ እጁ ላይ ነው፤ ደብዳቤዎም በዚያ ልክ ይጻፍ።

ከሽረቱ በኋላ ኪራዩ በቀጥታ በእርስዎ ሂሳብ እንዲገባ ለተከራዩ በጽሑፍ ያሳውቁት። ይህን ካላደረጉ ተከራዩ ሳያውቅ ለቀድሞው ወኪል ቢከፍል «ድገም» ልንለው አንችልም። የኪራይ ውሉ ራሱ ግን በሽረቱ አይፈርስም። ወኪሉ ሥልጣን እያለው በስምዎ የገባው ውል ስለሆነ ይቀጥላል። ያው አዋጅ የኪራይ ውል ከ2 ዓመት ያነሰ እንዳይሆንና በ30 ቀን ውስጥ ተቆጣጣሪው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ ይጠይቃል። እህትዎ ወረዳው ሄዳ ውልዎ መመዝገቡን ታጣራ። ያልሠራው ወኪሉ ቢሆንም ተጠያቂነቱ አከራዩን፣ ማለትም እርስዎንም ይነካል።

አሁን ወደ ጣሪያው እንምጣ። በእንዲህ ዓይነት ጉዳይ ሰው ሁሉ አስተዳዳሪው ላይ ይጮኻል። አስተዳዳሪው በበኩሉ «የላይኛው ቤት ጉዳይ ነው» ብሎ ይቀመጣል። የላይኛው ቤት ባለቤት ደግሞ «የሕንፃው ቧንቧ ነው» ይላል። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ማን ይጠግን የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ምንጩ ይታወቅ። ይህ ደግሞ አንድ ጎበዝ የቧንቧ ሠራተኛና ግማሽ ቀን ብቻ ነው የሚፈልገው።

ተከራዩ ለጥቂት ቀናት ልብ ብሎ ያስተውል። ጠብታው ቀን ከሌት ሳያቋርጥ የሚወርድ ከሆነ ግፊት ያለው ንጹህ ውሃ ነው። የላይኛው ቤት ዋና ቫልቭ ይዘጋና ይታይ። ጠብታው ከቆመ ችግሩ ያለው በዚያ ቤት የውስጥ መስመር ላይ ነው። ሌላም ቀላል መንገድ አለ። የላይኛው ቤት ሰዎች ቧንቧዎቻቸውን ሁሉ ዘግተው ቆጣሪያቸውን ይመልከቱ። ማንም ሳይጠቀም ቆጣሪው ከዞረ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው።

ጠብታው የሚመጣው ላይ ያሉት ሰዎች ሲታጠቡ ብቻ ከሆነ ደግሞ ፍሳሹ ነው፤ ወይ ሲፎኑ፣ ወይ ከሴራሚኩ ሥር ያለው የውሃ መከላከያ። ለምግብ የሚሆን ቀለም በውሃ በጥብጦ ላይኛው ወለል ላይ ማፍሰስ ነው። ታች ያለው ጠብታ ቀለም ይዞ ከወረደ ክርክሩ አለቀ። ተከራዩ በቪዲዮ ይቅረጸው።

ሦስተኛው፣ እርጥበቱ በሻፍቱ፣ ማለትም ቧንቧዎቹ ከፎቅ ፎቅ በሚያልፉበት ክፍተት፣ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ከሆነና ከእርስዎ በታች ባሉ ፎቆችም ከታየ፣ ከላይ እስከ ታች የሚወርደው የጋራ ቧንቧ ነው። አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ብዙ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ በፓምፕ ነው የሚገፋው። ጠብታው ፓምፑ ሲነሳ ከባሰ ጠርጥሩ። እርስዎ ደግሞ «ከክረምቱ ጀምሮ» ብለዋል። ይህች ቃል ቀላል አይደለችም። ዝናብ በዘነበ ቁጥር የሚብስ፣ ሲያባራ የሚሻሻል ከሆነ ውሃው ከውጭ ግድግዳ ወይም ከሻፍቱ አናት ነው የሚገባው። ያ ደግሞ የማንም የግል ቤት አይደለም፤ የሕንፃው ነው።

ውጤቱ ተጠያቂውን ይለያል። የላይኛው ቤት ከሆነ ባለቤቱን በቀጥታ ይጠይቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። አብዛኛው ሰው ቪዲዮውን ሲያይ ያለ ክስ ይጠግናል። የጋራ ቧንቧ ወይም የውጭ ግድግዳ ከሆነ ደግሞ አስተዳዳሪው መሸሻ የለውም። የቧንቧ ሠራተኛው ያየውንና ጥገናው የሚፈጀውን ዋጋ በአንድ ገጽ ጽፎ ይፈርምበት። ያች ወረቀት ብዙ ነገር ትሠራለች።

ተከራዩን ለማቆየት ከፈለጉ አንድ ነገር ያድርጉ። የጣሪያውን ጉዳት ለጊዜው ራሱ አስጠግኖ ወጪውን ከኪራዩ እንዲቀንስ በጽሑፍ ይስማሙ። ተከራይ የሚወጣው አንዳንዴ ውሃው ብቻ አስመርሮት አይደለም፤ ሰሚ በማጣቱ ነው። ከሜሪላንድ ሆነው ራስዎ ሲደውሉለት ነገሩ ይለወጣል።

ከኪራዩና ከጣሪያው ቀጥሎ ሦስተኛው ጉዳይ ሕንፃው ነው። ረጅሙም እሱ ነው።

እኔ ባለቤቶችን ከማማከሬ በፊት በአስተዳዳሪነት ወንበር ላይ ተቀምጬ ሠርቻለሁ። ስለዚህ ዝምታው ከየት እንደሚመጣ ልንገርዎት። አስተዳዳሪዎች ስልክ የማያነሱት ብዙውን ጊዜ ንቀው አይደለም። የሚሉት ስለሌላቸው ነው። ሕንፃው ላይ የተመደበው ልጅ አንዲት ቫልቭ የሚገዛበት ገንዘብ በእጁ የለም። ለእያንዳንዱ ነገር ዋና ቢሮ ያስፈርማል። ዋና ቢሮው ደግሞ ካዝናው ባዶ ነው። ምክንያቱም ግማሹ ባለቤት ውጭ አገር ነው፣ ግማሹ ቤት ባዶ ነው፣ ክፍያ የሚከፍለው እንደ እርስዎ ያለ ጨዋ ሰው ነው። የተሰበሰበው በጥበቃ ደመወዝና በጄኔሬተር ነዳጅ ያልቃል። የሊፍት መለዋወጫ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ዋጋው ከበጀታቸው በላይ ነው። ታዲያ ሲደውሉለት ምን ይበልዎት? ዝም ይላል።

ይህን የምነግርዎት እንዲያዝኑለት አይደለም። ምን እንደሚጠይቁት እንዲያውቁ ነው። «ሊፍቱ መቼ ይሠራል?» ብለው ቢጠይቁ «በቅርቡ» ይባላሉ። «ባለፈው ዓመት ከስንት ቤት ስንት ብር ሰበሰባችሁ? ስንት ቤት አልከፈለም? ለሊፍቱ ጥገና ከማን ጋር ውል አላችሁ? የመጨረሻው የጥገና ሪፖርት የታለ?» ብለው በጽሑፍ ቢጠይቁ ግን «በቅርቡ» መልስ አይሆንም። የሚንቀሳቀሱት የሂሳብ ጥያቄ ሲመጣ ነው።

ሌላው ምክንያት ይበልጥ ሥር የሰደደ ነው። ድርጅቱ አለቃዬ የሚለው ሪል እስቴቱን ነው። የቀጠረው እሱ ነው፤ የሚያባርረውም እሱ ነው። የእርስዎ ቁጣ ሥራውን አያሳጣውም። ሕጉ ግን እንዲህ እንዲሆን አላሰበም። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 አምስትና ከዚያ በላይ የተለያዩ ቤቶች ያሉትን የጋራ ሕንፃ በሙሉ ይመለከታል። «ኮንዶሚኒየም» ሲባል መንግሥት የሠራቸው ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ የሪል እስቴት አፓርታማም እዚሁ ውስጥ ነው። በአዋጁ መሠረት የጋራ መጠቀሚያዎች የባለቤቶቹ የጋራ ሀብት ናቸው። የሚያስተዳድራቸውም የሕግ ሰውነት ያለው የቤት ባለቤቶች ማህበር ነው። ማህበሩ ድርጅት ሊቀጥር ይችላል። ድርጅቱ ግን የማህበሩ ተቀጣሪ ነው እንጂ የሕንፃው ባለቤት አይደለም።

ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዎ ይህ ይሁን፦ ሕንፃው የተመዘገበ ማህበር አለው? ካለ የኮሚቴው አባላት እነማን ናቸው? ከአስተዳዳሪው ጋር የተፈረመው ውል የታለ? ኮሚቴ ካለ ደብዳቤዎን ለኮሚቴው ይጻፉ፣ ለአስተዳዳሪው ግልባጭ ያድርጉ። ከሌለ ድርጅቱ እስካሁን የሠራው ማንም ባለቤት ሳይፈርምለት ነው ማለት ነው። ያኔ ሥራው ማህበሩን ማቋቋም ነው። ካርታው በስምዎ መውጣቱ እዚህ ላይ በጣም ይጠቅማል። ካርታ ሳይወጣላቸው በሽያጭ ውል ብቻ የሚኖሩ አንባቢዎች ካላችሁ መጀመሪያ የካርታውን ጉዳይ ጨርሱ። ባለቤትነታችሁ ሳይመዘገብ በማህበሩ ውስጥ መብታችሁን ማስከበር ይከብዳችኋል።

ማህበር ሲባል ሰው የሚያስበው ጭቅጭቅ ነው። የሕንፃችሁ የቴሌግራም ግሩፕም እንደሌላው ሁሉ በስድብና በሊፍት ፎቶ የተሞላ ይመስለኛል። ግሩፑን ለአቤቱታ አይጠቀሙበት፤ ለቆጠራ ይጠቀሙበት። የቤት ቁጥር፣ የባለቤቱ ስም፣ ስልክ፣ ራሱ ይኖራል ወይስ አከራይቷል፣ ክፍያ ይከፍላል ወይስ አቁሟል። ይህን በአንድ ሠንጠረዥ የምትይዝ አንዲት ትጉህ ሰው ሕንፃውን ትለውጣለች። የማገኛቸው ባለቤቶች ብዙዎቹ ጎረቤታቸው ማን እንደሆነ አያውቁም፤ አስተዳዳሪው ግን ሁሉንም ያውቃል። ጉልበቱ ያለው እዚያ ነው።

ሠንጠረዡ ሲሞላ ስብሰባ ይጠራ። አጀንዳው አጭር ይሁን። ኮሚቴ መምረጥ፣ ከድርጅቱ ሂሳብ መጠየቅ፣ ከድርጅቱ ጋር በማህበሩ ስም አዲስ ውል መፈራረም። ውጭ ያላችሁት በቪዲዮ ተገኙ፤ ድምፃችሁን ግን ሰነድ ያለው ወኪል ይስጥላችሁ። «ድርጅቱን እናባርር» የሚለውን በመጀመሪያው ስብሰባ አታንሱት። ሰው ስሜቱ ይነሳና ያጨበጭባል፤ በማግስቱ ግን የጥበቃውን ደመወዝ የሚከፍል፣ ጄኔሬተሩን የሚያስነሳ ሰው ይጠፋል።

አዲሱ ውል ላይ እኔ የማስቀድማቸው ነገሮች አሉ። ሕንፃው ላይ ያለው ሠራተኛ ዋና ቢሮ ሳያስፈቅድ የሚያወጣው የገንዘብ ጣሪያ ይወሰን፤ ያኔ ቫልቭ ለመግዛት ሳምንት አይፈጅም። የውሃ መፍሰስ፣ የሊፍት መቆም፣ የመብራት ብልሽት በስንት ሰዓት ምላሽ እንደሚያገኝ በቁጥር ይጻፍ። ክፍያው በማህበሩ የባንክ ሂሳብ ይግባ፤ ወጪው በሁለት ፊርማ ይውጣ። የወሩ ገቢና ወጪ ሎቢው ላይ ይለጠፍ። ከየወሩ ክፍያ ጥቂቷ ለትልልቅ ጥገና መጠባበቂያ ትቀመጥ። እነዚህ ካሉ ያው ድርጅት እንኳ ሌላ ድርጅት ሆኖ ታገኙታላችሁ።

እስከዚያ ድረስ እርስዎ ለብቻዎ ሊልኩት የሚችሉት ደብዳቤ አለ። ስልክና ቴሌግራም ፍርድ ቤት ፊት ደካማ ናቸው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1772 መሠረት ውል አልተፈጸመም ብሎ ለመጠየቅ በቅድሚያ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ማስጠንቀቂያው ምክንያታዊ የጊዜ ገደብ ሊኖረው ይችላል። ሁለት ደብዳቤ ይጻፉ፤ አንዱ ስለ ኪራዩ፣ አንዱ ስለ ሕንፃው። የሁለተኛው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ የውሃ ፍሳሽ እንዲጠገን እና የሂሳብ መግለጫ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

በቤት ቁጥር ... ባለቤትነቴ የአገልግሎት ክፍያዬን እስከ ... ወር ድረስ ከፍያለሁ። የክፍያ ደረሰኝ ቅጂ ተያይዟል። ከሐምሌ ወር ጀምሮ በመታጠቢያ ቤቴ ጣሪያ ላይ ውሃ እየፈሰሰ ሲሆን ባለሙያ ባደረገው ምርመራ ምንጩ የሕንፃው የጋራ መስመር መሆኑ ተረጋግጧል። የባለሙያው ሪፖርትና ፎቶግራፎች ተያይዘዋል። ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ (1) ፍሳሹን እንድትጠግኑ፣ (2) ያለፈውን ዓመት የጋራ ገቢና ወጪ መግለጫ፣ የሊፍቱን የጥገና ውልና የመጨረሻ ሪፖርት በጽሑፍ እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ። ካልሆነ ለደረሰብኝ ጉዳትና ለጥገናው ወጪ ወደ ፍርድ ቤት የምሄድ መሆኑን አስታውቃለሁ።

ግልባጭ፦ ለሪል እስቴቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤ ለሕንፃው የባለቤቶች ኮሚቴ»

የጋራ መስመር መሆኑ ካልተረጋገጠ ያንን ዓረፍተ ነገር አይጻፉት። ለሪል እስቴቱ የሚሄደው ግልባጭ ግን እንዳይቀር። ገና የሚሸጥ ቤት ያለው አልሚ ስሙ እንዲበላሽ አይፈልግም።

ደብዳቤውን እህትዎ በሁለት ቅጂ ይዛ ትሂድ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ቢሆኑ ባይሆኑ ግድ የላትም፤ የምትፈልገው ሪከርድ ክፍሉን ወይም ጸሐፊዋን ነው። አንዱን ትሰጣለች፣ በሌላው ላይ ቀንና ፊርማ፣ ካለም የገቢ ማህተም አስደርጋ ይዛ ትመለሳለች። አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ትላከው፤ ደረሰኙን ትያዝ። ያንኑ ደብዳቤ ፎቶ አንስተው በቴሌግራምም ይላኩ። ማየታቸውን የሚያሳየው ምልክት ያኔ ይጠቅምዎታል።

ክፍያውን ላቁም ወይ ላሉት፦ አያቁሙ። በአንቀጽ 1757 ሌላው ወገን ውሉን እንዲፈጽም የሚጠይቅ ሰው የራሱን ግዴታ የፈጸመ ወይም ለመፈጸም ዝግጁ መሆን አለበት። ክፍያ ባቆሙበት ቀን ለደብዳቤዎ መልስ ያገኛሉ፤ መልሱም «መጀመሪያ ውዝፍዎን ይክፈሉ» ይሆናል። ቆመው የነበሩት ነገሮች ሁሉ በእርስዎ ይሳበባሉ። በተጨማሪም የጥበቃው ልጅ ደመወዝ ከዚያች ገንዘብ ነው የሚወጣው። የከፈለ ሰው ድምፁ ይሰማል። ክፍያውን ወደ ሌላ ሂሳብ ማዞር ካስፈለገ ይህን ጉባኤው በአንድ ላይ ይወስን፤ አንድ ባለቤት ለብቻው አያድርገው።

ክስን በተመለከተ፣ የኪራዩን ገንዘብ ወኪሉ ይዞት ከሆነና ለደብዳቤው መልስ ካልሰጠ ክሰሱ እላለሁ። ማስረጃው ቀላል ነው፤ ተከራዩ የከፈለበት ደረሰኝና ወደ እርስዎ ያልገባበት የባንክ መግለጫ። በቂ ቃል ያለበት ውክልና እስካላት ድረስ እህትዎ ጉዳዩን ልትከታተለው ትችላለች፤ ያም ሆኖ ጠበቃ ቢያማክሩ ይሻላል። የሕንፃውን ጉዳይ ግን ብቻዎን ይዘው ፍርድ ቤት አይሂዱ። ስለ ሊፍት አንድ ባለቤት ሲከስና ማህበር ሲከስ ክብደቱ አንድ አይደለም። የጣሪያዎ ጉዳት የግልዎ ስለሆነ ለብቻዎ መጠየቅ ይችላሉ፤ ጊዜውን ግን ልብ ይበሉ። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ክስ የሚቀርበው በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ከላይኛው ቤት ባለቤት ጋር የሚነጋገሩ ከሆነ ይህችን ቀን እንዳይረሷት። በመልካም ንግግር መሃል ጊዜ ያለፈባቸው ሰዎች አሉ።

አንድ ቀን ማህበሩ ሌላ አስተዳዳሪ ለመቅጠር ከወሰነ ርክክቡን ኮሚቴው በጥንቃቄ ይያዘው። ቁልፍ መቀበል ርክክብ አይደለም። የሕንፃው የቧንቧና የኤሌክትሪክ ፕላን፣ የጄኔሬተሩ የሥራ መዝገብ፣ የውሃና የመብራት ደንበኝነት ውል፣ የጥበቃና የጽዳት ውሎች፣ የፓርኪንግ ድልድል፣ የእያንዳንዱ ቤት የክፍያና የውዝፍ መዝገብ ያስፈልጋሉ። ከሁሉም በላይ የሊፍቱ መቆጣጠሪያ የይለፍ ቃል። አንዳንድ ሊፍት ያለዚህ ቃል ሌላ ቴክኒሻን ሊነካው አይችልም። የቀድሞው ድርጅት ይዞት ሲሄድ ሕንፃው ከሊፍት አስመጪው ጋር እንደ አዲስ ሲደራደር፣ ሽማግሌዎች ደረጃ ሲወጡ አይቻለሁ። ይህ ቃል በጽሑፍ ተረክቦ የኮሚቴው ሰብሳቢ ዘንድ ይቀመጥ።

ለአሁኑ ሁለት ነገር ፈልገው ይላኩልኝ። አንደኛው ለድርጅቱ የሰጡት ውክልና ነው። ሁለተኛው የቤቱ የሽያጭ ውል ነው። በብዙ የሪል እስቴት ውሎች መጨረሻ አካባቢ «ገዢው ሻጩ ለሚመድበው አስተዳዳሪ ክፍያ ይፈጽማል» የሚል ዓይነት አንቀጽ ይገኛል። የእርስዎ ውል ላይ ካለ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያስገድድና ማህበሩ ሲቋቋም ምን እንደሚሆን ቃሉን ማየት አለብኝ። ገጹን ፎቶ አንስተው የቤት ቁጥርዎንና ስምዎን ሸፍነው ይላኩት፤ ደብዳቤውን በዚያ መሠረት እናስተካክለዋለን።